ስም ያልተጠራበት ስብሰባ

መስኡዳ ልጃቸውን ሰላሀዲንን ከቀበሩ ወዲህ ከለቅሶ ቤት ሌላ የትም ደርሰው አያውቁም ነበር። ስለዚህ የዚያን ቀን ጠዋት ለዒድ ብቻ የሚለብሱትን ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው ለበሱና "አዳራሽ እሄዳለሁ፤ አንቺም ትሄጃለሽ" ሲሉ፣ ምራታቸው ኢቲሳም የምታጥበውን ዓሣ ከነሳህኑ ልትጥለው ምንም አልቀራት። አዳራሹ ምን እንዳለበት ታውቃለች። ከትናንት ጀምሮ ድምፅ ማጉያ የታሠረባት ባጃጅ ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር ስትመላለስ ነበር የዋለችው። "በጉበት በሽታ ላይ ሲካሄድ የቆየው ጥናት ውጤት ለሕዝብ ስለሚገለጽ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች በሙሉ..." እያለች በደጃቸው ባለፈች ቁጥር ኢቲሳም ሥራ ፈልጋ ጓዳ ትገባ ነበር። ጓዳ ሲገባ ድምፅ የማይሰማ ይመስል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከጓዳም ሆነው ከበራፍም ሆነው የባጃጇ ጩኸት እኩል ነው የሚሰማው።

"ልጂቱ ትኩሳት አላት እማ፤ ስታለቅስ ነው ያደረችው" አለች ኢቲሳም፣ ዓይኗን ከዓሣው ሳታነሳ።

መስኡዳ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በሪታጅ ግንባር ላይ አሳረፉ። ሪታጅ ገና ዳዴ ትታ መቆም የጀመረች፣ ሰው ሁሉ የሚያቅፋት ልጅ ናት። "ደህና ናት" አሉ መስኡዳ። "ካመማትም እዚያው ሐኪም አለ።"

ኢቲሳም ሌላ ሰበብ ፈልጋ አጣች። ዓሣው እንዳይበላሽባት አለች፤ ጨው ነስንሺበት ተባለች። የዓሣ ዋጋ ከሰማይ በላይ ከሆነ ወዲህ ቤታቸው ቀረሶ የሚገባው አንዳንዴ ነው፤ የዛሬውንም የገዛችው ለባሏ ብላ ነው። ባሏ ሙንተሲር፣ የሰላሀዲን ወንድም፣ ውጫሌ ከአንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ነው የሚሠራው፤ ጆንያ ይሸከማል፣ ይመዝናል፣ ያስጭናል። ሰሞኑን ራቱን ሳይጨርስ ነው የሚተኛው። "ደክሞኝ ነው" ይላል። ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ወገቡን ይዞ ጥቂት ይቆማል። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ "አብሽሪ፣ ምንም አይደል" ይላታል፤ በዚሁ ያልቃል። በዚያ ቤት ብዙ ነገር በዚሁ ነበር የሚያልቀው።

አማትና ምራት ወደ አዳራሹ ሲወጡ ከጎረቤታቸው ከዙለይሃ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ዙለይሃ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ሪታጅን ከኢቲሳም ጀርባ ነጥቃ ትከሻዋ ላይ አደረገቻት፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነች፣ ሕፃን አትጠግብም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሴቶቹን በስክሪን ያሳያሉ አሉ" አለች።

"የቶቹን ሴቶች?" አሉ መስኡዳ።

"በሽታው ያለባቸውን ነዋ። አንዷስ ከእኛው ሰፈር ናት ይባላል። ወላሂ እኔ ብሆን አገር ለቅቄ ነው የምጠፋው።"

መስኡዳ እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። ኢቲሳም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሐይቁ ዞረች። ውሃው እንደ ቆርቆሮ ተጠፍጥፎ ተኝቶ ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ከዳሩ የሚመጣው የጭቃና የቄጤማ ሽታ ብቻ ነው። ከሲስተር ኑርሀያት ጋር በስልክ የተባባሉትን በልቧ ደገመችው። ኑርሀያት የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ደሟን አይታ ቫይረሱ እንዳለባት የነገረቻት፣ በጥናቱ ያስገባቻት፣ ኪኒኑን በእጇ የሰጠቻት እሷ ነች። "አብሽሪ ኢቱ፣ የማንም ስም አይጠራም፤ የማንም ፎቶ የለም" ብላታለች። ያኔም ቢሆን ታሪኳን በድምፅ መቅጃ ሲወስዱ ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ስም አይጠራም። ኢቲሳም እሺ ብላ የፈረመችው ነገሩ ባሕር ማዶ ሄዶ በማታውቀው ቋንቋ በመጽሐፍ የሚታተም መስሏት ነው። በሐይቅ ከተማ በድምፅ ማጉያ ይነበባል ብሎ ማን ያስባል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደዋቸዋል፤ ከውጭ ጄኔሬተር ያጓራል፤ ከፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ ብርሃን ይዘላልበታል። የፕላስቲኩ ወንበር ለትልልቆቹ ተለቀቀ፣ ወጣቶቹ በግድግዳው ጥግ ቆሙ። ከእነሱ ውስጥ ግማሾቹ ከሳዑዲ የተመለሱ፣ ግማሾቹ ለመሄድ የሚያስቡ ነበሩ፤ ሁሉም "አንፊት" የምትለዋን ቃል ያውቃሉ። የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ሜዲካል የሚሉትን የጉዞ ምርመራ አያልፍም፤ ኤጀንሲ በር ላይ ስሙ ተጠርቶ አንፊት ነህ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ለእናቱም አይናገርም። የጥናቱን ውጤት ያቀረበው ዶክተር አምሳሉ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። የደሴ ልጅ ስለሆነና የወሎውን አነጋገር ከነቅላጼው ስለሚያወራ ሰው ወዲያው ወደደው። የወፍ በሽታ የሚባለው ምን እንደሆነ፣ ቫይረሱ በደም፣ በባልና ሚስት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አስረዳ። እናትየው በእርግዝናዋ መጨረሻ ኪኒኑን ከወሰደች፣ ልጁም እንደተወለደ ከተከተበ፣ ልጁ ነጻ ሆኖ እንደሚያድግ በሥዕል አሳየ። ኪኒኑን በሥርዓት ከወሰዱት እናቶች ልጆች በሙሉ ነጻ መውጣታቸውን ሲናገር አዳራሹ አጨበጨበ። ኢቲሳምም አጨበጨበች። ሪታጅ ጭኗ ላይ ሆና የእናቷን እጅ እያየች አብራ አጨበጨበች።

"አሁን" አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ፣ "ከእናቶቻችን የአንዷን ቃል እንስማ። ስም የለም፤ ድምፁም የራሷ አይደለም፣ ሌላ ሴት ናት ያነበበችው።"

ከድምፅ ማጉያው የወጣው የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የሬዲዮ ድምፅ። "ካርድ ላወጣ ሄጄ ነው ደሜን ያዩት። ሲስተሯ በሩን ዘጋችና ነገረችኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የበሽታው አይደለም፤ ቤት ምን ብዬ እገባለሁ ነው።" ኢቲሳም ቃሉ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል እየተንተባተበች የተናገረችው በሌላ ሴት አፍ ሲወጣ እንዲህ አምሮ መሰማቱ አስገረማት። ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ደስ የሚል ነገር ሆዷን ነካት። ከዚያ ድምፁ ቀጠለ።

"ኪኒኑን የት እንደማስቀምጠው ጨነቀኝ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ አማቴ የማያውቁት ጥግ የለም። በኋላ የባሌ ወንድም ኮት ትዝ አለኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ኮቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ እናቱ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም። በደረት ኪሱ ከተትኩት። ማታ ማታ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ጠጋ እልና አንዷን አወጣለሁ። አንዳንዴም ሟቹን አፉ በለኝ እለው ነበር።"

ከኋላ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች። አንዱ ሽማግሌ "ያ ረቢ" አለ። ኢቲሳም ግን ከዚህ ሁሉ የሰማችው ሌላ ነገር ነው፤ በቀኟ በኩል ሲንቀጫቀጭ የቆየው የመስኡዳ መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸው፣ ዝም አለ። ዞራ ለማየት አልደፈረችም። የአማቷን ጉልበት ብቻ ነው የምታየው፤ በዒድ ቀሚሱ ላይ የተቀመጠው እጃቸው እንደ ድንጋይ ሆኗል። ሪታጅ ወደ አያቷ ተንጠራራች፤ እጁ አልተነሳም። ድምፁ አልቆ ጭብጨባው እስኪበርድ ድረስ እንዲሁ ቆዩ። ከዚያ መስኡዳ እጃቸውን አወጡ።

"ይጠይቁ እናቴ" አለ ዶክተሩ፤ ማይክራፎኑ በሰው ላይ አልፎ መጣላቸው።

"ባልየውስ?" አሉ መስኡዳ። ድምፃቸው በማጉያው ውስጥ ከራሳቸው ዕድሜ በላይ አረጀ። "ባልየው ታይቷል?"

"ሴትዮዋ ለባሏ አልነገረችም፤ ስለዚህ አላገኘነውም። ይህ ጥናት በእናቶችና በሕፃናት ላይ ነበር።"

"ባልን አይጨምርም ማለት ነው።"

"በዚህኛው ዙር አልጨመረም እናቴ። ወደፊት ግን..."

"አሃ" አሉ መስኡዳ፤ ማይክራፎኑን መልሰው ተቀመጡ።

ከፊተኛው ረድፍ ዙለይሃ አንገቷን አዞረች። በሰላሀዲን ለቅሶ ጊዜ ሰባት ቀን ሙሉ በዚያ ቤት ውሃ ስትቀዳ፣ ምግብ ስታቀርብ የከረመች ሴት ናት፤ ኮቱ የት እንደተሰቀለ ታውቃለች። መስኡዳን አየች፣ ኢቲሳምን አየች፣ መጨረሻ ላይ ሕፃኗን አየች። ከዚያ ጎኗ ወዳለችው ሴት ጆሮ ጠጋ አለች። ስብሰባው አልቆ ውሃና ብስኩት ሲታደል፣ ከአዳራሹ ደጅ ላይ ሪታጅ እንደለመደችው ወደ ዙለይሃ እጇን ዘረጋች። ዙለይሃ ሁለት እጇ በብስኩት የተያዘ መሆኑን አሳየቻትና "በኋላ እሺ፣ የኔ ቆንጆ" ብላ አለፈች።

ወደ ቤት ተመለሱ። መስኡዳ ከፊት ናቸው፣ ኢቲሳም ልጅዋን አዝላ ከኋላ። ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡት "ስብሰባው እንዴት ነበር?" ሲሉ መስኡዳ "አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው" እያሉ አለፉ። ግቢ ሲገቡ በጠራራ ፀሐይ የቆርቆሮውን በር በመወርወሪያ ዘጉት። ኢቲሳም ልጅዋን እንዳዘለች ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። ይጮሃሉ ብላ ነበር፤ ውጪልኝ ይላሉ ብላ ነበር። ለዚህ ለዚህ የሚሆን መልስ ሌሊት ሌሊት ስታዘጋጅ ኖራለች።

"ኪኒኑን አቆምሽ?" አሉ መስኡዳ።

"አቁሙ ሲሉኝ አቆምኩ። በየጊዜው ያዩኛል፤ ደህና ነሽ ይሉኛል።"

"እሷስ?"

"ነጻ ናት እማ። ወላሂ ነጻ ናት፤ ደጋግመው አይተዋታል።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። አንዱን አውልቀው ሌላውን ሳያወልቁ "ሙንተሲር ሳዑዲ ልሂድ ብሎ ሁለቴ ሜዲካል የወደቀው በምን መሰለሽ?" አሉ።

"ደላላው ወረቀት አበላሽቶበት..."

"መጀመሪያ የወደቀው ከኒካሃችሁ በፊት ነው።"

ኢቲሳም ነገሩን ወዲያው አልተረዳችውም፤ ቀስ ብሎ ነው የገባት። ስንት ጊዜ በዚህ ቤት ውስጥ እንደ ሌባ ስትመላለስ፣ በሽታ ይዤ ገባሁባቸው እያለች ስትሳቀቅ፣ ከሞተ ሰው ኪስ ውስጥ እጇን ስትሰድ፣ ሕመሙ ከእሷ አስቀድሞ በዚህ ግድግዳ መሐል ይኖር ነበር። "ታውቁ ነበር?" አለች።  ሁለተኛውን ጫማ አወለቁና ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡት።

"እኔ አዳራሽ የሄድኩት" አሉ፣ "መድኃኒት አለው ይሉ እንደሆነ ልሰማ ነው። ትናንት ሙንተሲር ከደላላ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። በባቲ አድርገው በበረሃ ነው የሚወጡት፤ ከዚያ በጀልባ። በዚያ በኩል ሜዲካል የሚባል ነገር የለም። ሰላሀዲንም ሆዱ ማበጥ የጀመረው እንዲህ ወገቤን ወገቤን እያለ ነበር።" ከዚያ ቀና አሉ። "ባልን አንጨምርም ያለው ልጅ ገና አልሄደ እንደሆነ ሂጂና ጠይቂው።"

ኢቲሳም ሪታጅን ከጀርባዋ አውርዳ ለአያቷ ሰጠችና ወጣች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ያላሰበችው ነገር ጠበቃት፤ ሰልፍ። አዳራሽ የነበሩ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ጎረምሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ደማቸውን ለመታየት መጥተዋል። የዶክተሩ ንግግር ሠርቷል ማለት ነው። በሰልፉ ላይ ሴቶች ያወራሉ። "ኪሱ ውስጥ አሉ! ሱብሃነላህ፣ ከሞተ ሰው ኪስ!" ስትል አንዷን ሰማቻት፤ ሌላዋ በክርኗ ነካቻትና ሁሉም ዝም አሉ። ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ዝምታ እሷን ተከትሎ ገባ። ከግቢው ዛፍ ሥር ቆማ ጠበቀች፤ ዶክተሩ ወጥቶ መኪና ላይ ዕቃ ሲያስጭን እስክታይ ድረስ ጥላው ከእግሯ ሸሽቶ ሄዶ ነበር።

ሲስተር ኑርሀያት ናት ያየቻት። ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ እሱም ፊቱ በርቶ እጁን ዘረጋ። "አንቺ ነሽ? ዛሬ ምን እንደሠራሽ ታውቂያለሽ? ይህን ሁሉ ሰው ያመጣሽው አንቺ ነሽ እኮ።"

"ኮቱን ለምን አላወጣችሁትም?" አለች ኢቲሳም።

"ምን?"

"ስሜን ከቃሌ አውጥታችኋል፣ ድምፄንም አውጥታችኋል። ኮቱን ለምን ተዋችሁት?"

ዶክተር አምሳሉ የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። "ስምሽን፣ ሰፈርሽን፣ ዕድሜሽን፣ ማንነትሽን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አጥፍተናል" አለ። "ኮቱ ግን... ፍርሃቱን የሚያሳየው እሱ ነው። አዲስ አበባም ስናቀርብ ሰው ያለቀሰው እዚያ ላይ ነው። እሱን ካወጣነው የሚቀረው..."

"አዲስ አበባ ስንት ኮት አለ" አለች ኢቲሳም። "ሐይቅ ውስጥ እንደዚያ የተሰቀለ ኮት ያለው አንድ ቤት ነው።"

ኑርሀያት ወደ መሬት አቀረቀረች። ዶክተሩ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን መታወቂያ በጣቱ ይዞ ቆየ። ኢቲሳም ያን ጊዜ የቀረውን ነገረችው፤ ሜዲካሉን፣ የወገቡን ሕመም፣ የባቲውን መንገድ። እየነገረችው የሐኪሙ ፊት ሲለዋወጥ አየች፤ የንግግር ፊቱ ሄዶ የሐኪም ፊት መጣ። "ዛሬውኑ መታየት አለበት" አለ። "በበረሃ በዚያ ጉበት... በይ መኪናው ያድርሰን፤ እኔ አነጋግረዋለሁ። መድኃኒት አለው፤ ክትትሉን እዚሁ እናስጀምርለታለን።"

"መኪናችሁ ደጃችን ከቆመ አለቀልን። በእግርህ ና።"

መታወቂያውን ከአንገቱ አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ጋውኑን ለኑርሀያት ሰጣት። እሷ ከፊት፣ እሱ እንደማይተዋወቅ ሰው ራቅ ብሎ ከኋላ፣ በሱቆቹ መሐል ወረዱ። የአስር ሰላት አዛን ብሏል። የዙለይሃ ቤት በር ተዘግቷል፤ በዚህ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም። ከመንገዱ ማዶ የተቀመጡ ሴቶች ኢቲሳምን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋርጠው፣ ከኋላዋ የሚመጣውን ሰውዬ ሲያዩ ደግሞ ቀጠሉት። ኢቲሳም እየሄደች ለሙንተሲር የምትለውን ታሰናዳ ነበር። ዋሽተኸኛል አትለውም፤ እሷም ዋሽታዋለች። እኩል ነን ትለዋለች። እኩል ነን፣ መድኃኒት አለው፣ ና እንሂድ።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። መስኡዳ በግቢው ግንብ ሥር በርጩማ ላይ፣ ሪታጅን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አለባበሳቸው አሁንም የዒዱ ቀሚስ ነው።

"አልመጣም?" አለች ኢቲሳም።

"መጥቶ ሄደ።"

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመ። መስኡዳ አይተውታል፤ አልገረማቸውም።

"ውጫሌ ሚዛን ላይ እንዳለ ሰዎች ከዚህ ሄደው የኮቱን ነገር ሲያወሩ ሰማ" አሉ። "እየሳቁ ነው አሉ የሚያወሩት። ሥራውን ጥሎ መጣ። ስሜ ተጠርቷል ወይ አለኝ። የማንም ስም አልተጠራም አልኩት። ልብሱን በፌስታል አደረገ። የደላላው መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀው ነበር።"

ኢቲሳም ስልኳን አውጥታ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች።

"ለመንኩት" አሉ መስኡዳ። "እግሩ ላይ ወደቅሁ። መድኃኒት አለው እያሉ ነው አልኩት። አሁን እዚያ ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ብቆም አገር ሁሉ ኮቱ የማን እንደሆነ አወቀ ማለት ነው አለኝ። ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ። በብርጭቆ ብሰጠው እንቢ አለ፤ አፍሺልኝ ብሎ በእጁ ተቀብሎ ጠጣ። ይቺ እጇን ዘርግታ ወደ እሱ ስትንጠራራ ወደ ኋላ ሸሸ። በርቀት ቆሞ አያት፣ አያትና፣ ሳይስማት ወጣ። ልጂቱ ነጻ ናት ብዬው ነበር፤ እንግዲያው እንዳልመርዛት አለኝ።"

"በመሳም እኮ አይተላለፍም!" ኢቲሳም የጮኸችው ለማን እንደሆነ አላወቀችውም። "በብርጭቆም አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላት፣ አቅፎ በመተኛት አይተላለፍም! ሲስተር ነግራኛለች፤ ያኔ ገና ነግራኛለች!"

"አይተላለፍም" አለ ዶክተሩ ከበሩ ላይ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

መስኡዳ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ቀና አሉ። መጀመሪያ ምራታቸውን፣ ቀጥለው በሩ ላይ የቆመውን ሰው አዩ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደዚያ ጠዋት በአዳራሹ ውስጥ መልስ ለመስማት እንደጠየቁት ነበር የጠየቁት።

"ይህን ታዲያ ለእሱ ማን ነገረው?"